ፕሮፌሰሩ ያላየው ሰው

ዲስኩ በፌስታል ተጠቅልሎ ቆሮሶ ዓሣው ሆድ ውስጥ ገባ።

«የሃያ ዓመት ልፋቴ ነው» አለ ፕሮፌሰር ሐቢብ። «እንዳይረጥብብኝ፣ ወንድሜ።»

«አብሽሩ።»

ወንድሜ ይለዋል ደግሞ። እዚህ ሐይቅ ዳር ስሙ ጁማ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ። በስለላ መሥሪያ ቤቱ «ደንገል»። ከዚህ በፊት ያው መሥሪያ ቤት ሰውዬውን እንዲከታተል ልኮት፣ ሦስት ዓመት ቤተ ሙከራውን ወልውሏል። ፕሮፌሰሩ የሥነ ልቦና ምሁር ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ዓይንና አንጎልን ሲመረምር። ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን ለምን እንደማያይ ጽፎ ፈረንጅ ሁሉ አጨብጭቦለታል። መወልወያ ይዞ አፍንጫው ሥር የቆመውን ግን አንድ ቀን እንኳ ደህና አደርክ አላለውም። አስረኛ ክፍል የወደቀን ማን ያየዋል።

አሁንም አላወቀውም።

የመጨረሻ ጥናቱ የኬላ ፈታሽ ዓይን ምን ምን እንደሚያመልጠው ነበር። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች ይህን ሰምተው ያስሱታል። የጁማ ግዳጅ ሰውዬውንም ዲስኩንም ማውጣት ነው። በታንኳ የሚያሻግራቸው «አምባዛ» የተባለ የራሳቸው ሰው ነው፤ ጁማን በመልክ አያውቀውም። ብቻውን ይመጣል ተብሏል።

ጁማ ዓሣ የሚበልትበትን ጣውላ በጨርቅ ማበስ ጀመረ፤ ከዳር ወደ መሀል፣ እያዞረ። ፕሮፌሰሩ እጁ ላይ አፈጠጠ።

«ይህን አወላወል አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ...»

አምባዛ መጣ።

ከኋላው ሦስት ክላሽ።

«ፕሮፌሰሩ ያ ነው» ብሎ አሳያቸው። «ደንገል የሚሉት ከነዚህ አንዱ ነው።»

ዳርቻው ላይ ጁማን ጨምሮ ዓሣ የሚበልቱ አምስት ነበሩ። አንዱ ታጣቂ ፕሮፌሰሩን በሰደፍ ጀርባውን አለው፤ ዲስኩን ለማን እንደሰጠ እንዲያሳይ አዘዘው። ፕሮፌሰሩ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ።

ዓይኑ ጁማ ላይ ደረሰ።

አለፈው።

«ሐይቁ ውስጥ ጥዬዋለሁ» አለ። «እነዚህን አላውቃቸውም።»

የአምስቱን ኪስ ፈትሸው ምንም አላገኙም፤ እሱን እያዳፉ ወሰዱት። ቢላዋው ጁማ እጅ ላይ ነበር። ለሦስት ክላሽ ቢላዋ ምን ያደርጋል። ዓሣውን መበለት ቀጠለ።

ኬላው ላይ ፈታሹ አፍንጫውን ይዞ የጁማን የዓሣ ዘንቢል በእግሩ ገፋ አደረገ።

«እለፍ ወዲያ፣ ገማህ።»

ዲስኩ ደረሰ። ስለ ፕሮፌሰሩ ሲጠይቅ፣ አለቆቹ ያንተ ሥራ አልቋል አሉት። ሌላ ስም ሰጡት። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ መወልወያ።

ሰዎች ደህና አደርክ ሳይሉት ያልፋሉ። ድሮ በልቡ ይሰድባቸው ነበር።

አሁን አይቶት ያለፈውን ሰው እያሰበ አንገቱን ደፍቶ ይወለውላል፤ ከዳር ወደ መሀል፣ እያዞረ።