አደራው በኬላ ሲያልፍ

ማኅደሩ ከአቡጀዲው ክምር ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ ይህ የመጽሐፍ ማኅደር አርጅቷል። የሚለብሰው ጨርቅ ቁረጪልኝ» አሉ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል።

የተቀጣጠሩበት ቃል ይኸው ነበር። ሩቅያ መቀሷን አነሳች። አርብ ገበያ የሚያውቃት ከደሴ የመጣች እስላም ጨርቅ ነጋዴ አድርጎ ነው። በደርግ ጸጥታ መዝገብ ግን «ጉሬዛ» ትባላለች፤ እናቷ ያወጣችላት ስም ደግሞ አመለወርቅ።

ትእዛዟ አጭር ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ሲያክም ኖሮ የሞተው አይሁዳዊ፣ ዶክተር ኤሚል፣ ለመሪጌታ የተወው ወረቀት የስለላ ምስጢር ነው ተብሏል። አግባቢያቸውና አምጪ። አለቃዋ ባዩ «ሽማግሌውን አንነካም» ብሎ ምሎላታል።

«ወረቀቱን ወደ ውጭ አገር የሚልክልኝ ዘመድ አለኝ» ብላ ነበር ያግባባቻቸው። እሳቸውም አስቀድመው አሳይተዋታል። ምስጢር የሚባል ነገር የለውም። የዶክተሩ እናት ደብዳቤዎች፣ ጀርመኖች አይሁድ መሆኑን በቀይ ፊደል ያተሙበት ፓስፖርት፣ ከጦርነቱ በኋላ የደረሰው አንድ ወረቀት። በወረቀቱ ላይ እናቱና ሁለት ወንድሞቹ ለሞት በባቡር የተጫኑበት ቀን ተጽፏል። የቀረችው ሎንዶን ያለች አንዲት እህቱ ናት። ለእሷ አድርሱልኝ ብሎ ሞተ። አብዮቱ መጣና ፖስታ ሁሉ ይከፈት ጀመር፤ መሪጌታም ወረቀቱን ይዘው ቀሩ። ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ።

ቀና አለች። ከጨው ተራ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የባዩ ሰዎች።

ዋሽቷታል።

«መሪጌታ፣ እነዚያን ሁለቱን ያዩአቸዋል? ለእርስዎ ነው የመጡት። ይሂዱ።»

«አይቻቸዋለሁ። አንቺም ከእነሱው ነሽ።»

መቀሷን ጨርቁ ላይ አኖረች።

«በፋሲካ ከቤቴ መጥተሽ አልነበር? እንደ ወጉ እስላሙን ጎረቤታችንን ዓሊን ጠርተን ሌላ ልናሳርድልሽ ስንል፣ አንቺ እኛ ካረድናት ዶሮ ጎረስሽ። ባለቤቴ ብርነሽ ድንጋጤ ሊገድላት ነበር። የትኛዋ እስላም ናት ክርስቲያን ያረደውን የምትበላ?»

እውነት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስግደቱንም ሰላምታውንም አጥንታለች፤ ሆዷን ግን ያሠለጠነው አልነበረም።

«ካወቁ ታዲያ ለምን ይሰጡኛል?»

«ዛሬ በኬላ የማይፈተሽ ማን አለ፣ ከእናንተ በቀር?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከላይ ያለው ደብተር ዶክተሩ መድኃኒት የሚጽፍበት ነው። ቁጥር ብቻ ነው። እሱን ለእነሱ ስጪ። ከሥሩ ያለውን ለእህትየው።»

«በእሱ ያስሩዎታል።»

«ያለ እሱስ ሊተዉኝ ነው?»

አመለወርቅ አፈረች። ቀጥሎ ተናደደች፤ ከባዩ ይልቅ በራሷ። ጨርቁን ዘርግታ በሥሩ ወረቀቶቹን ከማኅደሩ አወጣችና በመቀነቷ ሆዷ ላይ አሰረቻቸው። ሽማግሌው አሥር እርምጃ እንኳ አልሄዱም። ሁለቱ ሰዎች ክንዳቸውን ያዙ።

መሪጌታ ዘወር ብለው አላዩዋትም።

ባዩ ኬላው ላይ ይጠብቃታል። ደብተሩን ገለጠ፤ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ኮድ ነው። ሌላ ወረቀት የለም?»

«የለም፣ ጓድ።»

«ሽማግሌው እያወቀ ነው የያዘው ወይስ ሞኝ ነው?»

ሞኝ ናቸው ብትል ትጠረጠራለች። ከተጠረጠረች ትፈተሻለች።

«እያወቀ ነው» አለች። «ሰላይ ነው።»

አንቱታውን እንኳ ነፈገቻቸው። ባዩ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ገመዱ ወረደ፤ አለፈች።

አዲስ አበባ በገባች በሦስተኛው ቀን፣ የውጭ ደብዳቤ ከሚመረመርበት ክፍል ገብታ ጥቅሉን በገዛ እጇ «ተመርምሯል» የሚል ማኅተም መታችበት። ላኪ፦ ወልደ ሩፋኤል፣ ቤተ ልሔም፣ ጋይንት። በማግስቱ ወደ ሎንዶን ሄደ።

መሪጌታ ክረምቱ ሳያልቅ እዚያው እስር ቤት ሞቱ። እሷ ስለ ሪፖርቷ ተመሰገነች።

ኅዳር ላይ ለመሪጌታ የተጻፈ መልስ ለምርመራ እዚያው ክፍል ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ቆማ አነበበችው።

«የእናቴን የእጅ ጽሑፍ ካየሁ አርባ ዓመት ሆኖኝ ነበር። እንዴት አድርጌ ላመስግንዎ? ደህና ነዎት?»

ለብርነሽ ልትልከው አሰበች። ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ የሰላይ ሚስት እጅ ሲገኝ ምን እንደሚከተል ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እስክሪብቶዋን አወጣችና በፖስታው ጀርባ «ተቀባዩ አልተገኙም» ብላ ጻፈች። ከሚመለሱት ጋር ጣለችው።

በሳምንቱ ሌላ ስም ተሰጣትና ወደ ሌላ ገበያ ሄደች። ለብርነሽ አደራው እንደደረሰ የነገራት ሰው የለም።