እናቷ «አንቱ» ስትላት

ትርንጎና ይሻው የተዋወቁት ደብረ ታቦር፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አንዱን የአይልትስ መለማመጃ መጽሐፍ እኩል ይዘው ሲጓተቱ ነው። ሁለቱም ውጭ አገር ለመማር ይህን የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ነበረባቸው።

«በቃ፣ አብረን እናጥናው!» አለ ይሻው እየሳቀ።

ከሥራ መልስ አንዱ ፈታኝ፣ አንዱ ተፈታኝ እየሆኑ መለማመድ ጀመሩ።

«እናትሽ ምን ይሠራሉ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

ትርንጎ የመጽሐፉን መልስ እንዳለ ሸምድዳዋለች። «ማይ ማዘር ኢዝ ኤ ነርስ!»

«ታድለሽ!» አላት፣ እውነት መስሎት።

ልታርመው አፏን ከፈተች... ግን ተወችው። እናቷ ዓለሚቱ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ትርንጎ በዚህ ስትሰደብ ነው ያደገችው። ይሻውን ደግሞ ወዳዋለች። ፍቅር መቼም ያስዋሻል!

አንድ ቅዳሜ አብረው በገበያ ሲያልፉ፣ ዓለሚቱ ድስቶቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ትርንጎ ፊቷን አዞረች።

እናት ልጇን አየች፤ ከጎኗ የቆመውንም አየች። ገባት።

«እመቤቴ፣ ድስት ይውሰዱ እንጂ» አለቻት።

የወለደቻት እናቷ አንቱ አለቻት! ይሻው አንዱን ድስት መርጦ ሲገዛ፣ ትርንጎ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰኞ መጽሐፉን ዘጋችው። «የእናቴን ጥያቄ... እንደገና ጠይቀኝ።»

«እናትሽ ምን ይሠራሉ?»

«ሸክላ ሠሪ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠፋባት። እንባዋ ቀደማት። «ቅዳሜ ድስት የሸጠችልህ... እሷ ናት እናቴ።»

ይሻው ቀና ብሎ አያት።

«እኔን በዚህ የምንቅሽ ሰው አድርገሽ ነው ያየሽኝ?»

«አፍሬ ነው... አሁን ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ።»

«ይቅርታውን እሳቸውን ጠይቂ። ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራሴም ልተዋወቃቸው።»

ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ ትርንጎ ድስቶቹ መሐል ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ሳመች።

ዓለሚቱ ደንግጣ ይሻውን አየችው። «ኧረ ይነሡ እመቤቴ... ሰው ያያል!»

«አንቺ በይኝ እማዬ! በማርያም፣ አንቺ በይኝ!»

ይሻውም ጎንበስ ብሎ የእናትየዋን ጉልበት ሳመ። ያኔ የዓለሚቱ እጅ ቀስ ብሎ የልጇ ራስ ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «ቀሚስሽን እኮ በአፈር ጨረሽው!»