የካልሲ እጣቢ

«እማዬ፣ አጠጣሽው?»

ትሕትና የነቀለችውን ባቄላ ከነሥሩ ከፍ አድርጋ አሳየች። እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቋርጡ፣ «አዎ፤ ቢጫ ሲሆን አሳዘነኝ። ምነው? ውኃ እንጂ መርዝ አልሰጠሁት» አሉ።

«መርዙን የምሰጠው እኮ እኔ ነበርኩ!»

ሙከራውን አብሯት የሚሠራው የክፍል ጓደኛዋ እንዳላማው በሳቅ ፈነዳ። ትሕትና ግን ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ነገሩ የተጀመረው በካልሲ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ «ሳምንት ቢለበስ አይሸትም» የሚባል ካልሲ መጥቶ የክፍሏ ወንዶች ሁሉ ገዙ። መምህር ቢተው ምስጢሩን ነገሯቸው፦ ክሩ ውስጥ ዓይን ሊያየው ከሚችለው በላይ የደቀቀ የብር ማዕድን አለ፤ ናኖ ይሉታል፤ ሽታ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። «ሲታጠብስ ብሩ ወዴት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች ትሕትና። «እሱን አንቺ ንገሪኝ» አሏት።

ስለዚህ በሃያ የተቆረጡ ሃይላንዶች ባቄላ ዘሩ። አሥሩን ተራ ካልሲ በታጠበበት ውኃ፣ አሥሩን በናኖው ካልሲ እጣቢ አጠጡ። በባቄላ ሥር ላይ የሚያብጡት ትንንሽ እንክብሎች አፈር የሚያዳብሩ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ናቸው። ብሩ ደጉን ከክፉው ካልለየ እንክብሎቹ ያንሳሉ። አምስት ሳምንት ጠብቀው ዛሬ ነቅለው ቢቆጥሩ፣ የተራው በአማካይ 14፣ የናኖው 13 ሆነ። ምክንያቱ ይኸውና ሽንኩርት ይከትፋል።

«ስንት ቀን አጠጣሽው?»

«ትምህርት ቤት ስትሄዱ፣ ጠዋት ጠዋት።»

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ነገ ነው። አንደኛ የወጣ ባሕር ዳር ሄዶ ይወዳደራል። ትሕትና ባሕር ዳርን አይታ አታውቅም።

እንዳላማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «13ን 3 ለማድረግ እኮ ከፊት ያለችውን 1 ማጥፋት ብቻ ነው።»

«ውሸት ነው።»

«አታካብጂ! ናኖ አካባቢ ይጎዳል አይደል? ለበጎ ነው የምንዋሸው።»

«ይጎዳ እንደሆነ ነው እኮ የጠየቅነው!»

ጮኸች። ሁሉም ሰው አናደዳት። ነጋዴው የሚሸጠው ምን እንደሆነ አያውቅም። ገዢው አጥቦ እጣቢውን ቦይ ውስጥ ይደፋል። እናቷ ሳይጠይቁ ያጠጣሉ፤ ይሄ ደግሞ ሳያፍር እንሰርዝ ይላል። መጠየቅ የሚባል ነገር ለማንም ትዝ አይለውም።

ለእሷስ? እናቷን «አጠጣሽው?» እና «ስንት ቀን?» አለቻቸው እንጂ የትኞቹን እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም።

«እማዬ… ሁሉንም ነው ያጠጣሽው?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! የባሰባቸውን ብቻ።» ወይዘሮ ሥራነሽ እጃቸውን ጠራርገው ወጡና ግድግዳው ሥር ተራ ቁጥር ተጽፎባቸው የተደረደሩትን ሃይላንዶች በጣታቸው ነኩ። «ይህቺን፣ ይህቺን… እነዚያን ሁለቱን። አራት ናቸው። ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኮ አልነካቸውም ነበር።»

ትሕትና ደብተሯን ገለጠች። የእያንዳንዱን ሃይላንድ የእንክብል ብዛት ፈለገች። እናቷ ያጠጧቸው አራቱ በእንክብል ተሞልተዋል። ያልተነኩት ስድስቱ፦ 5፣ 12፣ 6፣ 11፣ 7፣ 13፤ በአማካይ 9። ከተራው ያንሳሉ። ግን የባሱት አራቱ ወጥተው የቀሩት ናቸው፤ ስድስትም ጥቂት ነው።

«በቃ፣ ይጎዳል በይና ጻፊ» አለ እንዳላማው።

«ሳይጎዳ አይቀርም ብዬ ነው የምጽፈው። አራቱን ለምን እንዳልቆጠርናቸውም እጽፋለሁ።»

«እናቴ አዝናላቸው ብለሽ? ዳኞቹ በሳቅ ይሞታሉ! ባሕር ዳር ቀረች በያ!»

«ትቅር።»

አዲስ ወረቀት ዘረጋችና ለስድስቱ ብቻ ሠንጠረዥ ማስመር ጀመረች። ማስመሪያው አጭር ስለነበር መስመሩ ጠመመባት። እንዳላማው እየተነጫነጨ ተንበረከከና ሌላውን ጫፍ ያዘላት።