ከስምንት መቶ ኪሎ በታች

የውሃ ታንከሩ የፈነዳው በቀትር ነበር። ጥላው ሥር ምሳውን ይበላ የነበረው የፋብሪካው ጥበቃ ወዲያው ሞተ።

ጣት ሁሉ ወጣቷ መሐንዲስ ላይ ተቀሰረ። ከስድስት ወር በፊት የታንከሮቹን ቅርጽ ቀይራ ብረት ያስቀነሰችው እሷ ናት። ንድፏ ደግሞ ከመዝገብ ቤት ጠፍቷል።

“እኔ የበየድኩት ባለአራት ሚሊ ብረት ነው” አለ የብየዳ ክፍሉ ኃላፊ። “ሰውየውን የፈጀው እሷ ያወጣችው ቅርጽ ነው።”

ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ መርማሪ ስብርባሪውን ልይ አለ። የለም። ኃላፊው በማግስቱ አንድ ቁራጭ ሳያስቀር ወደ ማቅለጫ ልኮታል።

“የሟች ሚስት እንዳታየው ብዬ ነው።”

ከማቅለጫው የተገኘው የሚዛን ደረሰኝ ብቻ ነበር። ስድስት መቶ ኪሎ ይላል።

መርማሪው ደረሰኙን ኪሱ ከቶ መሐንዲሷ ወደታሰረችበት ጣቢያ ሄደ።

“ልጄ፣ ብረቱን እንዴት ነው የቀነስሽው? ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።”

ወረቀት ሳበች። “ታንከሩ አሥር ሺህ ሊትር መያዝ አለበት። ቀጭንና ረጅም ካደረግነው ግድግዳው ብረት ይፈጃል። አጭርና ሰፊ ካደረግነው ክዳኑና ወለሉ ይፈጃሉ። በመሐል ብረቱ እየቀነሰ ይመጣና መልሶ መጨመር የሚጀምርበት ቦታ አለ። ካልኩለስ የሚያገኝልን ያንን ነው። እዚያ ላይ ቁመቱና ወርዱ እኩል ይሆናሉ።”

“በባለአራት ሚሊ ስንት ኪሎ ይወጣዋል?”

“ስምንት መቶ ገደማ።”

“ኃላፊው ቅርጹን አበላሽቶትስ ቢሆን? ከዚያ ያንሳል?”

“ቢያበላሸው ይጨምራል እንጂ አያንስም። ከዚያ በታች የለም።”

ደረሰኙን ፊቷ አስቀመጠ። እስክሪብቶዋ ቆመ።

“እንግዲያው ብረቱ ባለአራት ሚሊ አይደለም” አለች ቀስ ብላ።

ከመጋዘን የወጡት ወፍራም ላሜራዎች በማግስቱ ከኃላፊው ወንድም ጋራዥ ተገኙ። በቦታቸው ከገበያ የተገዛ ስስ ብረት ተበይዷል። ንድፉን የሰረቀውም ኃላፊው ራሱ ነው።

“ሃያ ዓመት ትርፍራፊው የኔ ነበር” አለ ኃላፊው፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። “ልጆቼን ያስተማርኩበት ነው። እሷ ስትመጣ ትርፍ የሚባል ጠፋ። ስሱም ብረት ውሃውን ይችላል ብዬ ነበር።”

መሐንዲሷ የዚያኑ ዕለት ተፈታች። መርማሪው እስከ በሩ ሸኛት።

“ስሌትሽ ልክ ነበር” አላት።

“ልክ ነበር” አለች። “ግን አንድ ቀን ወርጄ ብረቱን በእጄ አልነካሁትም። ጥበቃው በየጠዋቱ በር ይከፍትልኝ ነበር።”

ወደ ቤቷ አልሄደችም። የጥበቃውን ሚስት ቤት ጠይቃ በእግሯ አቀናች።