ባለ ቀይ ክዳኑ መርፌ

ባለ መድኃኒት ቤቱ ከሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። ሸሚዙ በላብ ርሶ እላዩ ላይ ደርቋል፤ ቀኝ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል።

«የስኳር ሕመምተኛ ነበር» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ኢንሱሊን አብዝቶ ወግቶ ስኳሩ ወርዶበት ነው። ያጋጥማል።»

መርማሪዋ ግን «ያጋጥማል» የሚባል ነገር አይዋጥላትም። ጣቢያ ውስጥ «ጉንዳን» ነው የሚሏት፤ አንዴ ከነከሰች ራሷ ቢቆረጥ አትለቅም። ያን ሁሉ ሰውነቷን ይዛ እያቃሰተች ተንበረከከችና ከመደርደሪያው ሥር፣ ከአቧራው መሃል፣ አንዲት ንጹሕ ቀይ የፕላስቲክ ክዳን በእስክሪብቶ ጎትታ አወጣች።

«የመርፌ ክዳን ናት። ጠረጴዛው ላይ ያለው መርፌ ግን ክዳኑ ብርቱካናማ ነው፤ ውስጡም ጠብታ ነክቶት አያውቅም። ታዲያ ሰውየው በምን ተወጋ?»

ሐኪሙ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

በዚያ ቀን ሱቁን የረገጡት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ የሱቁ ሻጭ፣ እና ፎቁ ላይ የተከራየች የአንዲት ልጅ እናት።

ሚስትየው አፍንጫዋን እየጠረገች ተናገረች። «ሁልጊዜ ከምሳ በፊት ይወጋል። ዓይኑ ስለደከመ የሚያየው መስመሩን ብቻ ነው፤ አርባ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ዛሬ ምሳውን ይዤ ስመጣ ሻጯ ‹ተኝቷል እትዬ፣ አይቀስቅሱት› አለችኝ። የኔን ባል ቀስቅሶ ሳይሰደብ የቀረ የለም፤ ትቼው ተመለስኩ። ምነው እግሬን በሰበረው!»

ወንድምየው ደግሞ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ጠብ ነበረን፣ አልዋሽም። ግን እኔ መርፌ ሳይ ራሴን የሚያዞረኝ ሰው ነኝ። ይልቅ ፎቅ ያለችውን ይጠይቁልኝ። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ‹የእጅህን ይስጥህ!› ብላ ረግማዋለች። ባለ ቀይ ክዳን መርፌም ከመጣችበት አገር ተሸክማ ያመጣችው እሷ ናት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሻጯ ዝምተኛ ሴት ናት፤ የጋዋኗ ቁልፍ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። «እኔ ልጅ የለኝ፣ ከአገር ወጥቼ አላውቅ» አለች። «መድኃኒቱን ስሙን አንብቤ እሰጣለሁ እንጂ ስለ መርፌ ምኑን አውቄው።»

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ጉንዳን ተከራይዋን ወደ ጓዳው አስገባቻት። የስምንት ዓመት ልጇ ከመስተዋቱ በር ማዶ፣ ከሚስትየውና ከወንድምየው ጋር አግዳሚው ላይ ቀረች፤ ሻጯ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣለች።

«ረግሜዋለሁ» አለች እናትየው ገና ሳትቀመጥ። «ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን ሸጦልኝ ልጄ ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። ግን አልገደልኩትም።»

«ስለ ቀዩ ክዳን ንገሪኝ።»

«ልጄን በሦስት አገር ነው ያሳደግኋት፤ የስኳሯን አያያዝ በየአገሩ እንደ አዲስ ነው የተማርኩት። መጨረሻ በነበርንበት አገር ኢንሱሊኑ የሳሳ ነው፤ መርፌው ለሱ ተብሎ የተሠራ፣ ክዳኑ ቀይ። እዚህ ደግሞ የጠነከረ ነው፤ መርፌው ሌላ፣ ክዳኑ ብርቱካናማ። የዚህን አገር ኢንሱሊን በቀዩ ከቀዱት መስመሩ አርባ ይላል፣ የገባው ግን መቶ ነው። የስኳር መለኪያውም ለየቅል ነው። እዚያ ‹አምስት፣ ስድስት› ይላል፤ እዚህ ‹መቶ ምናምን›። የመጣሁ ሰሞን በሰው መለኪያ ለክቼ መቶ ሃያ ሲለኝ፣ ልጄ አለቀላት ብዬ ጎረቤት ሰብስቤያለሁ።»

«ቀዮቹ መርፌዎች የት አሉ?»

«ፎቅ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ። እሽጉን አልከፈትኩትም።» ከዚያ የጉንዳንን እጅጌ ያዘች። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ከታሰርኩ እሷን ማን ይለካታል? ማን ይወጋታል? አባት የላት፣ አክስት የላት። አንድ ቀን ከተረሳች እኮ አበቃ!»

ጉንዳን ወደ በሩ ዞረች። ዓይኗ ከመስተዋቱ ማዶ ልጅቷ ላይ ነበር።

ልጅቷ አግዳሚውን በእግሯ መደብደብ ጀምራለች። «ባለጌ! አርፈሽ ተቀመጪ!» አለ ወንድምየው። «ድካም ነው፣ ትተኛ» አለች ሚስትየው። ሻጯ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለች። ወዲያው ተመልሳ ተቀመጠች። እንደገና ተነሣች። ከዚያ እየሮጠች መጥታ በላብ የራሰውን የልጅቷን ማጅራት ዳሰሰች፤ የልጅቷን ቦርሳ ከፍታ መለኪያውን አወጣች፤ ጣቷን ከጎን በኩል ወጋች፤ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርጋ ሁለተኛዋን ለካች።

ወንድምየው አንገቱን አሰገገ። «ሦስት ነጥብ አንድ? ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል እንዴ?»

«ዝም በል! ልትወድቅ ነው!»

ለስላሳ መጠጥ ከፍታ አፏ ላይ ያዘችላት። «ቀስ ብለሽ፣ የኔ እናት፤ በርቺ።» ሰዓቷን እያየች ጠበቀችና ደግማ ለካቻት። ልጅቷ ነፍስ ዘራች።

ጉንዳን አንድ ፖሊስ ወደ ፎቅ ላከች። የቀዮቹ መርፌዎች እሽግ ሲመጣ ሁሉንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይኸው እሽጉ፤ አልተነካም» አለች። «እንግዲህ ቀዩ መርፌ ከሌላ ሰው እጅ ነው የመጣው። ያ ሰው ሟቹ መስመር እንጂ ቀለም እንደማያይ ያውቃል። መርፌውን አቀበለው። ሟቹ እንደ ልማዱ አርባ ብሎ መቶ ወጋ። ከዚያ ያ ሰው የተወጋበትን ደብቆ ብርቱካናማውን በቦታው አስቀመጠ፤ ምሳም እንዳይገባለት አደረገ። ምሳውን ማን እንደመለሰው እትዬ ነግረውኛል።»

«እሱ ራሱ አትቀስቅሱኝ ብሎኝ ነው» አለች ሻጯ።

«ይሁንልሽ። ከአገር ወጥተሽ ካላወቅሽ ግን፣ እዚህ የሚሸጡት መለኪያዎች ሁሉ በመቶ የሚቆጥሩ ሆነው ሳለ፣ ሦስት ነጥብ አንድ የሚያስደነግጥ ቁጥር መሆኑን ማን አስተማረሽ? ጣት ከጎን መውጋቱን፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ መጥረጉን ማን አስለመደሽ? ዝም ብትዪ ኖሮ አልደርስብሽም ነበር። ልጅሽ የት ነው?»

ሻጯ ከጋዋኗ ኪስ ክዳን የሌለው መርፌ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ከመሬት በታች ነው» አለች። «እዚያ አገር ወልጄ ስድስት ዓመት ያሳደግሁት ልጅ ነው። እዚህ በመጣን በሁለተኛው ሳምንት ኢንሱሊን አለቀብኝና እዚሁ ሱቅ ገባሁ። ቀዩን መርፌ አሳይቼ ‹በዚህ ይሆናል?› አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹መርፌ ሁሉ አንድ ነው፣ ውሰጂ› አለኝ። ወጋሁት። ቤት ያለውን ስኳር ሁሉ አሟጥጬ አጠጣሁት፤ አልበቃውም።»

«ለምን አልከሰስሽውም?» አለች ሚስትየው ፊቷ አመድ ለብሶ።

«ከሰስኩ እንጂ! ‹የወጋሽው አንቺ ነሽ› አሉኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ልጠይቅ ስመጣ አላወቀኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ጧት ጧት ‹እንዴት አደሩ› አልኩት።»

«እኔንስ?» ብላ ጮኸች ተከራይዋ። «እኔን ሲጠረጥሩ ዝም አልሽ! ልጄን ሜዳ ላይ ልትጥያት!»

«ክዳኗ መውደቋን አላየሁም። አንቺን ሲጠረጥሩ ግን አዎ፣ ዝም አልኩ። ቀይና ብርቱካናማውን ቀድመሽ ስላወቅሽ ልጅሽ በሕይወት አለች። ቀናሁብሽ፤ አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁብሽ።»

ጉንዳን ካቴናውን አወጣች። «ሲሞት አጠገቡ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። ‹ስኳር፣ ስኳር› እያለ እጁን ዘረጋ። በሩን ዘግቼ ፊቱ ቆምኩ። ‹ይህ ስለ ልጄ ነው› አልኩት። አራት ዓመት ያቺን ሰዓት ነው የጠበቅሁት፤ ሊደነግጥ፣ ሊለምነኝ፣ ይቅርታ ሊለኝ።» ባዶውን ወንበር አየች። «‹የትኛው ልጅ?› አለኝ።»

ሁለቱን እጆቿን ለካቴናው አስቀድማ ዘረጋች።

«አሁን ተነሥቶ ቢመጣ» አለች፣ «ያንኑ መርፌ ደግሜ አቀብለዋለሁ።»