ስፌቱ ወደ ውጭ የዞረ ጆንያ

የእርሻ ምርምር ጣቢያው ዋና ተመራማሪ ከምሳ በኋላ ማዳበሪያ መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመጋዘን ጠባቂው ወገብ ወርዶ አያውቅም ይባላል። እንግዲህ ሌላ ማን ይያዛል?

ሽማግሌው ጠባቂ ግድግዳው ሥር እንደ ራሰ ጆንያ ዘፍ ብሎ ተቀምጧል። መርማሪዋ ቁልፉን ለሰው ሰጥቶ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሁለት ጊዜ አልሰጠሁም አለ። ቁልፍ ማዋስ ከሥራ ያስባርራል፤ ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቶታል። ሞኝ! ለጡረታው ሲሳሳ አንገቱን ገመድ ውስጥ አስገባ።

መርማሪዋ ወሬ አታበዛም። ሟቹ ማጅራቱን በሚዛን ብረት ተመትቷል። ከኪሱ ሁለት የቦሎቄ ቅጠሎች ወጡ፤ በአንዱ ላይ «ዜሮ»፣ በሌላው ላይ «ዘጠና ኪሎ» የሚል ወረቀት ታስሯል። የሁለቱም ጠርዝ እሳት የለበለበው ይመስላል።

ማሳው ላይ ረዳት ተመራማሪው ከኋላዋ ኩስ ኩስ እያለ አስረዳት። ዜሮ የተባለው መደብ ፖታሽ የሚባለው ማዳበሪያ አልነካውም፤ ዘጠና የተባለው ጠግቧል፤ የያዘው ፍሬም በሲሶ ይበልጣል። ይህንኑ ጽፎ ለውጭ ትምህርት ዕድል ልኳል።

«ማን በተነው?»

«እኔ ራሴ። ሦስቱንም ጆንያ።»

ከዚያ ጠባቂውን፣ ረዳቱንና የጣቢያውን ሹፌር መጋዘኑ ውስጥ ሰብስባ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። መስኮት የለም። የማዳበሪያው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል።

«እኔንስ ተዉኝ» አለ ሹፌሩ፣ በጄሶ የታሰረ ቀኝ እጁን እያሳየ። «ማንኪያ የማነሳው እንኳ በግራዬ ነው።»

«አንተን ማን ነካህ? አባባ፣ ጆንያ ሲደረድሩ ስፌቱን ወዴት ያዞራሉ?»

«ወደ ግድግዳ ነዋ። ክሩ ቢተረተር መተላለፊያው ላይ እንዳይፈስ።»

ባትሪዋን አበራች። የጆንያው ሁሉ ስፌት ወደ ግድግዳ ዞሯል። ከዘር ጆንያዎቹ ጀርባ ግን ሦስት ፖታሽ ቆመዋል፤ ስፌታቸው ያልተፈታ፣ ወደ ውጭ የዞረ።

«እነዚህን የደረደረው አባባ አይደሉም» አለች። «በእጄ በተንኩት ያለን ሰው አለ፤ ጆንያው ግን አልተከፈተም። ቦሎቄ ፖታሽ ሲያጣ ቅጠሉ ከጠርዙ ይነድዳል። ሁለቱም መደብ እኩል ነድዷል። ሟቹ ይህን አይቶ ጆንያዎቹን ፍለጋ መጣ፤ እዚህ የደረሰው ግን አንድ ሰው ሊያወጣቸው ሲታገል ነው። ያ ሰው የገባው በቁልፍ ነው። አባባ፣ ስጠይቅዎ ሦስተኛዬ ነው፤ ቁልፉን ለማን ሰጡ?»

«ጋሼ…» አለ ረዳቱ ቀስ ብሎ።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። ስንት ዓመት ምሳውን ያካፈለው ልጅ ነው።

«በምሳ ሰዓት ሰጠሁት» አለ። «ማስታወሻዬን ውስጥ ረሳሁ አለኝ። ልጄ ነው ብዬ። ቆልፎ መለሰልኝ።»

ረዳቱ በዘሩ ቀን ለትምህርት ዕድሉ ፈተና ተቻኩሎ ጆንያዎቹን ደብቆ እንደሄደ፣ ቁጥሩንም ከራሱ እንደፈጠረ ተናዘዘ። ሟቹ ዛሬውኑ ለውጭው ትምህርት ቤት እደውላለሁ ቢለው፣ እጁ የሚዛኑ ብረት ላይ አረፈ።

ሲወስዱት ሽማግሌው ተነስቶ ስፌታቸውን ወደ ግድግዳ ሊያዞር ወደ ሦስቱ ጆንያ እጁን ዘረጋ።

«አይነኩም፤ ማስረጃ ናቸው» አለችው።

እጁን ሰበሰበ። ነገ ከሥራ ያባርሩት ይሆናል። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ያን ስፌት ላለማየት ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።