መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ስልኩ ከኋላ ወንበር ተነስቶ፣ እጅ በእጅ ዞሮ ቁንዶ ጋ ሲደርስ ክፍሉ በሳቅ እየታመሰ ነበር። ስክሪኑ ላይ የአንዲት ሴት ጭንቅላት ይታያል፤ ከኋላ የተነሳ ነው። አናቷ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ፀጉር የሚባል ነገር የለውም፤ ቆዳው ቀልቶ ዙሪያውን ተልጧል። ከሥሩ የክፍሉ ልጆች በግሩፑ የጻፉት ይወርዳል። አንዱ «ዶሮ የጫረው ግቢ» ብሏል። ሌላው ደግሞ ለዚህ ሜዳ ዳኛ ይፈለጋል ብሎ ቀልዷል።

ቁንዶ ግን ያየችው ፎጣውን ነው። ሴትዮዋ ትከሻ ላይ የተጣለው ቢጫ ፎጣ ጥጉ ላይ በካውያ የተቃጠለ ምልክት አለው። ያቃጠለችው ራሷ ናት፤ እናቷ ሳምንት ሙሉ ስትነተርካት ከርማለች። ፎቶውንም ያነሳችው ራሷ ናት፣ በእናቷ ፀጉር ቤት፣ ባለፈው ወር።

ሴትዮዋ የሂሳብ መምህራቸው ነበሩ።

ፀጉር የሚያረግፈው ላሽ ከያዛቸው ዓመት አልፏል። ክፍል የሚገቡት በዊግ ነው፤ ይህን ከቁንዶና ከእናቷ በቀር እዚህ አካባቢ የሚያውቅ የለም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ፣ ደንበኛ ካለቀ በኋላ፣ በጓሮ በር ይመጣሉ። እናቷ ቅባቱ መሥራት አለመሥራቱን ከወር ወር ለማየት ታብሌቷ ላይ ፎቶ ታስቀምጣለች። ፎቶዎቹ ሰባት ናቸው። በሰባተኛው ላይ መስታወቱ የመምህሯን ፊት አጥርቶ ይዞታል።

ቁንዶ ስልኩን እንደተቀበለችው ለሚቀጥለው አቀበለችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ፎቶውን ግሩፑ ላይ የለቀቀችው መቃ ናት። እንደ ስሟ ቀጭንና ረጅም ልጅ ነች፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ከቁንዶ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቁንዶን ቁንዶ ያለቻትም እሷ ነች፤ አጭር ብትሆንም ታቃጥላለች ብላ። ስሙ ተስማምቷት ቤትም ሳይቀር በዚያው ቀረ። በእረፍት ሰዓት ቁንዶ ቧንቧው ጋ ያዘቻት።

«ከየት አመጣሽው?»

መቃ አንድ የማታውቀው ሰው እንደላከላት ተናገረች፤ ዓይኗን ግን ከጫማዋ ላይ አላነሳችም። ቁንዶ የፎጣውን ነገር ስትነግራት ትከሻዋን ነቀነቀች።

«የይለፍ ቃሉን መስታወት ላይ ለጥፋችሁት የለ እንዴ? ቅዳሜ ፀጉሬ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካስክ ውስጥ ተቀምጬ ምን ላንብብ? ደሞ አታካብጂ፤ ፊቷ እኮ አይታይም። ማን እንደሆነች አይታወቅም፣ ምን አለበት?»

ይህን ስትል እጇን የቁንዶ ክንድ ላይ ጣል አደረገች። ፀጉሯ ቅዳሜ ዕለት የተቀባችውን ቅባት አሁንም ይሸታል። ቁንዶን ቀፈፋት፤ ክንዷን ነጠቀቻት። የወሰድኩት አንዱን ብቻ ነው፣ ሌሎቹን አልከፈትኩም ብላ ማለች መቃ። ከአንድ ደቂቃ በፊት የዋሸን አፍ እንዴት ይታመናል?

ቁንዶ እዚያው ቆማ በስልኳ የይለፍ ቃሉን ልትለውጥ ሞከረች። ማረጋገጫው የሚላከው ወደ እናቷ ስልክ ነው። ደወለች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። እናቷ እጇ ቀለም ውስጥ ከገባ ቤት ቢቃጠል ስልክ አታነሳም። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አልቆ እስክትወጣ ድረስ ቁንዶ ያሰበችው ስለ ሰባተኛው ፎቶ ብቻ ነበር።

ፀጉር ቤቱ ስትገባ የአሞንያው ሽታ አፍንጫዋን መታት። ወለሉ ላይ እርጥብ ፀጉር ተጎዝጉዟል፤ መታጠቢያው ጉሮሮ ላይ ያለው የፀጉር ድብልብል ዛሬም የሚያነሳው አላገኘም። በሌላ ቀን አታየውም። ዛሬ ሁሉም ነገር ያንገሸግሻት ነበር።

ወረቀቱ መሃለኛው መስታወት ላይ፣ ልክ በተቀመጠ ሰው ዓይን ትይዩ ተለጥፏል፤ የቀለም ፍንጣቂ ነጠብጣብ ያረፈበት ፕላስተር ይዞታል። «ቁንዶ1234» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው፤ ጥጉ ላይ አበባ ስላለችበት ቆንጆ ነበር። እናቷና ሁለቱ ሠራተኞች እጃቸው ወይ ቅባት ወይ ቀለም ስለሆነ መሳቢያ ከፍተው ወረቀት መፈለግ አይችሉም። ቀና ብለው እንዲያዩት ብላ የለጠፈችው እሷ ናት። በዚያው አንድ ቃል ቀጠሮ ማስያዣው ታብሌት ይከፈታል፣ ፎቶዎቹ ይከፈታሉ፣ የእናቷ ኢሜይልም ይከፈታል። መቃ ሰረቀች፤ ግን በሩን ወለል አድርጎ የከፈተላት ማን ነው? አበባዋ አስጠላቻት። ወረቀቱን ቦጭቃ ኪሷ ከተተችው።

የእናቷ ታናሽ ወንድም ጎረቤት ባለው ሱቁ ስልክ ይጠግናል። ጠርታው መጣ፤ ከሁሉ በፊት የይለፍ ቃሉን ለወጠ። ከዚያ ሁለት የይለፍ ቃል ማስቀመጫ አፖች አሳያቸው። የመጀመሪያው ሁሉንም ራሱ ያስታውሳል፤ አንዴ ከከፈቱት በኋላ ማንም ታብሌቱን ቢያነሳ ምንም ሳይጠይቅ ያስገባዋል። ሁለተኛው በየሁለት ደቂቃው ይቆለፋል። የሚከፈተው በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ከተረሳ የሠሩት ሰዎች እንኳ ሊከፍቱት አይችሉም።

እናቷ ሳትውል ሳታድር የመጀመሪያውን መረጠች። «እጄ ቀለም ውስጥ ሆኖ በየሁለት ደቂቃው ድርሰት ልጻፍ? እዚህ የሚመጣው ሰው ነው፣ ሌባ አይደለም።»

አጎቷ ሳቀ። «እትዬ፣ እንደሱ ከሆነ የበሩን ቁልፍም ጣይውና ይለይልሽ።»

ቁንዶ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ የክፍሉን ግሩፕ ከፍታ እናቷ ፊት ያዘችው። እናቷ ፎቶውን አየች፤ ከሥሩ የተጻፈውንም አነበበች። ጓንቷን አወለቀችና እጇን በሳሙና ታጠበች፤ መልሳ ታጠበች። ከዚያ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቁንዶ እሷን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አይታት አታውቅም።

«ማን እንደሆኑ አይታወቅም እኮ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ሐሙስ ሲመጡ ምንም አትበያቸው። ከሰሙ ተመልሰው አይመጡም፤ ወሬው ከወጣ ደግሞ ማንም አይመጣም።»

መቃ ቧንቧው ጋ ያለችው ነው፤ ያው ቃል ከእናቷ አፍ ወጣ።

«ፀጉር ሠሪ አፏን ካልጠበቀች መቀሷን ትስቀል የምትይው አንቺ አይደለሽም?» አለች ቁንዶ።

እናቷ ሁለተኛውን አፕ በጣቷ ነካችው። አጎቷ ዓረፍተ ነገሩ የመቀሱ አባባል እንዳይሆን አስጠነቀቃት፤ ደንበኛ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እናቷ አሰበች፣ አሰበችና ለቁንዶ በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ቁንዶ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ምን እንደሆነ እዚህ አይጻፍም።

እናቷ ግን ይህን አስገብታ ሳትጨርስ እስክሪብቶና ፕላስተር ፍለጋ መሳቢያውን ትበረብር ጀመር፤ እንዳልረሳው ብላ። አጎቷ ግንባሩን ያዘ። ቁንዶ ፕላስተሩን ከእጇ ወሰደች። ዓረፍተ ነገሩ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ቤት ባለው ቁልፍ ሳጥን እንዲቀመጥ ተስማሙ።

መቃ ፎቶውን ማታውኑ ከግሩፑ አጠፋችው። ስንት ስልክ ላይ እንደቀረ ግን ማንም አያውቅም። በማግስቱ ረቡዕ መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሦስት ማዕዘን ሲስሉ ከኋላ ሁለት ልጆች ተንሾካሾኩ። ስለ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ቁንዶ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች፤ የመምህሯን አንገት ቀና ብላ ማየት አቃታት። መቃ በክርኗ ነካ አድርጋት ማስቲካ ብትሰጣት አልወሰደችም።

ሐሙስ መምህሯ በጓሮ በር ገቡ። እንደ ልማዳቸው ዊጉን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ቢጫው ፎጣ ትከሻቸው ላይ አረፈ። እናቷ በታጠበ ጣቷ ታብሌቱ ላይ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር።

«ምነው ዛሬ፣ ደብዳቤ ነው የምትጽፊው?» አሉ መምህሯ ፈገግ ብለው።

የእናቷ ጣት ቆመ። ቅባቱን አጥባ ለማስለቀቅ የከፈተችው ውሃ መታጠቢያው ውስጥ ይወርዳል። ቁንዶ ወንበሩን ይዛ መምህሯን ከመስታወቱ ወደ እሷ አዞረቻቸው።

«ቲቸር» አለች፤ «ፎቶ ሳላነሳዎት በፊት የምነግርዎት ነገር አለ።»

እናቷ እጇን ዘርግታ ውሃውን ዘጋች።